አምስት ቋጠሮ

ቋጠሮዎቹ አልተፈቱም ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ግን ከተናገርኩ በኋላ ነው። ሦስቱም እናቴ በቀይ ክር ሦስት ጊዜ ጠምጥማ፣ ጫፉን በጥርሷ ስባ እንዳሰረቻቸው ነበሩ። ገንዘብ የሚሰርቅ ሰው ቋጠሮ ይፈታል። የአስር ዓመት ልጅም ብትሆን ይህን ማሰብ አያቅታትም። እኔ አላሰብኩም፤ ሦስቱን በሹራቤ አቅፌ ወደ ኩሽና ሮጥኩ።

ዛሬ እኔም የአስር ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ዓዲ ትባላለች። ባሌ ኦረን "አንቺ ሰው ሳይሞት ለቅሶ ትቀመጫለሽ" እያለ ይቀልድብኛል። እውነቱን ነው። ስልክ ባልተለመደ ሰዓት ከጮኸ ገና ሳላነሳው ማን እንደሞተ እገምታለሁ። ዓዲ ከትምህርት ቤት አስር ደቂቃ ከዘገየች በሐሳቤ ሆስፒታል ለሆስፒታል እዞራለሁ። ይህ አመል ከየት እንደመጣብኝ ኦረን ሲጠይቀኝ "ተፈጥሮዬ ነው" እለዋለሁ። ስለዚያ ክረምት ነግሬው አላውቅም።

የምንኖረው ክርያት ሞሼ በሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ ጋሻው የረሆቮት ከተማ አትክልተኛ ነበር። እናቴ ማንተገብሽ ቢሮ ታጸዳ ነበር፤ በዚያ ክረምት ግን እርጉዝ ነበረች፤ ሆዷ ሲገፋ የሥራ ሰዓቷን ቀነሱባት። ደመወዝ የሚገባው ወር በገባ በአስረኛው ቀን ነው። በዚያ ቀን ማታ አባቴ ከባንክ ያወጣውን ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ እናቴ ደግሞ ፖስታዎቿን ትደረድራለች።

እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ስለዚህ በየፖስታው ላይ ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያ የቆረጥኩትን ሥዕል ለጥፌላት ነበር። ዶሮ ያለበት የምግብ ነው፤ አምፖል ያለበት የመብራት። ሌሎቹ ላይ ቤት፣ አውቶቡስና ጫማ ነበር። የጫማው የእኔ ነው፤ ጫማም ሆነ ደብተር፣ ትምህርት ቤት የሚጠይቀው ሁሉ ከዚያ ይወጣል። አንድ ሕግ ነበራት፤ ገንዘብ ከአንዱ ፖስታ ወደ ሌላው አይሻገርም። ዶሮው ካለቀ ምስር ይበላል። አውቶቡሱ ካለቀ በእግር ይኬዳል። የክፍል ማሞቂያው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት አይበራም። ውሃ የሚያሞቀው ዱድ ደግሞ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በላይ ከቆየሁ የመታጠቢያ ቤቱን በር በጭልፋ ታንኳኳለች።

ከፖስታዎቹ ሁሉ በፊት ግን የእናና ገንዘብ ይነሳል። እናና አማረች የእናቴ እናት ናት። ወላጆቼ በፈረንጅ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲመጡ እሷ ጎንደር ቀርታ፣ ከዚያ ወዲህ ተራዋን ስትጠብቅ ነበር። አባቴ ሸቅሉን መንዛሪ ጋ ወስዶ በአንድ የሃምሳ ዶላር ኖት ይለውጠዋል። እናቴ ኖቱን አጣጥፋ ከአሮጌ ነጠላዋ በቆረጠችው ጨርቅ ትጠቀልለውና በቀይ ክር ትቋጥረዋለች። ደብዳቤ የለውም። እሷ መጻፍ አትችል፣ እናና ማንበብ። ደብዳቤው ቋጠሮው ነበር። እናና የልጇ እጅ መሆኑን፣ መንገድ ላይም ማንም እንዳልነካው አይታ ትለያለች። ከዚያ ፈትታ ገንዘቡን ትወስድና ጨርቁንና ክሩን ወደዚህ ለሚመለስ መንገደኛ ትሰጣለች። እናቴ ያንኑ ጨርቅ አጥባ ለሚቀጥለው ወር ታስቀምጠዋለች። በቤታችን ክር እንኳ አይባክንም ነበር።

በዚያ ክረምት ጨርቁ መመለስ አቆመ።

"ይሄ ሦስተኛው መቁረጤ ነው" አለች እናቴ፣ በጥር ወር ደመወዝ ቀን፣ የነጠላዋን ጫፍ በመቀስ እየቆረጠች። "ከጎንደር የሚመጣ ሰው ጠፋ?"

"መንገደኛ የለም" አለ አባቴ። ዓይኑን ከፖስታዎቹ አላነሳም። "ጋሼ መኩሪያ ሰው ሲያገኙ ይልኩታል።"

መኩሪያ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቤኤር ያዕቆብ ከተማ ይኖራል። አባቴ በየወሩ ቋጠሮውን የሚያደርሰው ለእሱ ነበር፤ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው የሚያገኘው እሱ ነው።

"ድምጿንስ? ሁለት የስልክ ካርድ ጨረስኩ። ጎረቤቷ ስልኩን አያነሱትም።"

"መስመሩ ነው። ጋሼ አግኝተዋቸው ነበር። ደህና ነኝ ብለዋል።"

"መቼ?"

"ባለፈው ሳምንት።"

"ባለፈው ሳምንትም 'ባለፈው ሳምንት' ነበር ያልከኝ።"

እናቴ የክሩን ጫፍ በጥርሷ ሳበችው።

ጊዜውን የመረጥኩ መስሎኝ ነበር። "እማዬ፣ ቲዩሉስ?" አልኩ። ክፍሉ ሁሉ ለጉብኝት ወደ ሰሜን ሊሄድ ነበር፤ ሁለት ቀን፣ አዳሩ በድንኳን። ሰማንያ ሸቅል።

የጫማውን ፖስታ አነሳችና አፉን ከፍታ አሳየችኝ። "ቦት ጫማሽ በላው። ምን አድርጊ ትይኛለሽ?"

"ከእናና ላይ ለአንድ ወር ብቻ..."

"የእናና አይነካም።" ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

አባቴ ቋጠሮውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ካፖርቱን ደረበበት። በርዶት ነው አልኩ፤ ማሞቂያው ገና አልበራም ነበር።

ዓርብ ዓርብ ገበያው ሊዘጋ ሲል እኔና እናቴ ወደ ሹኩ እንሄዳለን። በዚያ ሰዓት ነጋዴዎቹ ዋጋ ይጥላሉ። እናቴ ትመርጣለች፣ እኔ በዕብራይስጥ እከራከራለሁ።

"ቲማቲሙን ስንት ይላል?"

"አምስት።"

"ሦስት በዪው። ሊዘጋ ነው፤ ከአልጋው ላይ ያሳድረዋል?"

"እማዬ፣ አፍራለሁ።"

"አታፍሪ። እፍረት በኪሎ አይሸጥም።"

ነጋዴው አማርኛ ባይሰማም እናቴን ያውቃታል። ሆዷን አየና ከረጢቱን ራሱ ሞላው። "ያላ፣ እመቤት፣ በሦስት ውሰጂ፤ በላዩም ዱባ ጨምሬልሻለሁ" አለ። የዶሮ ክንፍና አንገት ገዛን፤ ሥጋው የሌላ ሰው ነበር። በአውቶቡሱ ፖስታ ውስጥ ለመመለሻ የሚሆን ስላልነበረ በእግር ተመለስን። እናቴ በየአግዳሚው እየተቀመጠች፣ ወገቧን እየያዘች፣ "አንዴ ልተንፍስ" እያለች ነበር። አንዳች ነገር እንዳይደርስባት ፈርቼ እርምጃዋን እቆጥር ነበር።

ከሕንፃችን ስንደርስ እሷ ደጁ ላይ ካለው አጭር ግንብ ላይ ተቀመጠችና እኔን ከረጢቶቹን አድርሺ አለችኝ። ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ከላይ ድምፅ ሰማሁ። አባቴና አጎቴ መኩሪያ በራችን ላይ ቆመው ነበር። ቆምኩ።

"እስክትወልድ ነው የተባባልነው" አለ መኩሪያ።

"ለእርስዎ ቀላል ነው፣ ጋሼ። እኔ በየቀኑ ዓይኗን አያለሁ።"

"ከወለደችም በኋላ አርባዋን ትጨርስ። ይሄ የአንተና የእኔ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው የቆረጡት ነው።"

"ገንዘቡስ?"

"አንተው ጋ ይቀመጥ። ቀኑ ሲደርስ ያስፈልጋል።"

"ከአፏ ነጥቃ የምትቋጥረውን እየተቀበልኩ ስደብቅ እኮ ሌባ ሆንኩ።"

"ምን ይደረግ፤ ቻለው።"

የአንዱ ከረጢት እጀታ ተበጠሰና ድንቹ በደረጃው ላይ ተንከባለለ። ሁለቱም ወደ ታች አዩ። አጎቴ ወርዶ ድንቹን ለቀመልኝ። ራሴን ዳሰሰና "አደግሽ እኮ፣ ኢንባርዬ" ብሎ አምስት ሸቅል በእጄ አስያዘኝ። አጎቴ ገንዘብ ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር። ሳንቲሙ ትኩስ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ በመዳፉ ይዞት ነበር መሰለኝ።

በክፍሌ ባትኤል የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ በዚያው ዓመት ከቤት ወጥቶ ነበር። "መጀመሪያ ገንዘቡ ይወጣል" ብላኝ ነበር በእረፍት ሰዓት፣ ሳንድዊቿን እየበላች፣ እንደ ትልቅ ሰው። "ከዚያ ሸሚዞቹ። ከዚያ ራሱ።" ስለዚህ በደረጃው ላይ የሰማሁት ሁሉ ገባኝ። አባዬ ገንዘብ እየደበቀ ነው። እማዬ እስክትወልድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይሄዳል። አጎቴም ያውቃል።

አንድም ቃል ተሳስቼ አልሰማሁም። የሰማሁት ሁሉ የተባለው ነበር። ያላወቅኩት እናና ከሱኮት በዓል በኋላ መሞቷን ነው። ሽማግሌዎቹ እርጉዝ ሴት መርዶ አትሰማም ብለው ነበር፤ አራስም ብትሆን አርባ ቀን ሳይሞላት ሐዘን ከደረሰባት ወተቷ ይነጥፋል ብለው። እናቴ ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም ልጅ አስወርዷት እንደነበር እኔ አላውቅም፤ እነሱ ያውቃሉ። ስለዚህ ከቤኤር ያዕቆብ እስከ ክርያት ሞሼ ያለ ዘመድ ሁሉ አፉን ዘግቶ ነበር። እናቴ በሄደችበት ሁሉ ሰው ይስቅላት ነበር። አባቴ ደግሞ በየወሩ የሞተች ሴት ገንዘብ ከሚስቱ እጅ ይቀበል ነበር፤ አልቀበልም ቢላት ለምን ትለዋለችና።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ዝናቡ አላቋረጠም። አባቴ የጎማ ቦቱን አድርጎ ወጥቶ ነበር፤ የቆዳው ቦት ከቁም ሳጥኑ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ብርዱ ጣቴን አደንዝዞት የቤት ሥራዬን መጻፍ አቃተኝ። ሰዓቱ ገና አስር ነበር፤ ማሞቂያ የለም። ብርድ ልብስ ለማውረድ ወንበር ላይ ወጣሁ። ስስበው ቦቱ አብሮ መጣና ወለሉ ላይ ወደቀ። ከውስጡ ካልሲ ወጣ። ከካልሲው ውስጥ ሦስት ቋጠሮ።

እናና ሦስት ወር ሙሉ ምንም አልደረሳትም ማለት ነው። እናቴ ከሹክ በእግሯ እየተመለሰች ያተረፈችው ገንዘብ፣ የእኔ ቲዩል፣ የዶሮው ሥጋ፣ ሁሉም እዚህ ካልሲ ውስጥ ነበር። አባቴን እወደው ነበር፤ ስለዚህ ነው እንደዚያ የተናደድኩት። አሁን ካልተነገራት ሸሚዞቹ ይወጣሉ ብዬ አሰብኩ።

እናቴ ከኩሽናው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ሦስቱን ቋጠሮ ምስሩ አጠገብ አስቀመጥኩ።

"አባዬ የእናናን ገንዘብ እየወሰደ ነው" አልኩ። "አልላከውም። ቦቱ ውስጥ ነበር።"

ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። አንደኛውን አነሳች፤ ክሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ አገላበጠችው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ያኔ ነው እኔም ያየሁት፤ ሦስቱም እንደታሰሩ ነበሩ። ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ገባኝ። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም፤ ቃሉም አንዴ ወጥቷል።

"ስንት ናቸው?" አለችኝ። ከፊቷ ተቀምጠው እያየቻቸው።

"ሦስት።"

"ሦስት" አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ወሮቹን ወደ ኋላ እየቆጠረች ነበር። ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ምስሩ ውስጥ የነበረች አንዲት ጠጠር አግኝታ አወጣቻት፤ ወደ ጎን አስቀመጠቻት።

"እማዬ?"

"ወደነበረበት መልሺው። ካልሲው ውስጥ፣ ካልሲውን ቦቱ ውስጥ። ቦቱንም በነበረበት።"

"ግን እኮ አባዬ..."

"አባትሽ ምንም አላደረገም። ለእሱም፣ ለአጎትሽም፣ ለማንም አትንገሪ። ሰማሽ?" አገጬን ያዘች። እጇ በጣም ቀዝቃዛ ነበር። "ማይልኝ፣ ኢንባር።"

ማልኩ።

ተነሳች። የዱዱን ማብሪያ ተጫነችው፤ ቀዩ መብራት በራ። የመብራት ፖስታው ውስጥ ስንት እንደቀረ አላየችም። ገና አስር ሰዓት ተኩል አልሆነም ነበር። ማሞቂያውንም ወደ ክፍሌ ገፍታ አበራችልኝ፤ "ሙቂ" ብላ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች። ውሃው መውረድ ጀመረ።

እኔ ከበሩ ውጭ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃ አለፈ። አስር። ውሃው አሁንም ይወርዳል። እንፋሎቱ ከበሩ ሥር ይወጣ ነበር። ሃያ ደቂቃ። ወደቀች ይሆን አልኩ። ጭልፋውን አምጥቼ በሩን አንኳኳሁ፤ እሷ ለእኔ እንደምታደርገው።

"ደህና ነኝ" አለች ከውስጥ። ድምጿ ከጉድጓድ የወጣ ይመስል ነበር። ውሃው አልቆመም።

በአባቴ ተናዳ ነው አልኩ። ንዴቷን ለማብረድ ገንዘብ እያባከነች ነው። ዓዲን ከወለድኩ በኋላ፣ አንድ ቀን ራሴ ውሃ ሥር ቆሜ ሳለ ነው የገባኝ። እናቴ እናቷን ያለቀሰችው በዚያ ውሃ ሥር ነበር። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው፤ በላይም በታችም ያለው ዘመድ ነው። ውሃውን ያፈሰሰችው እንዳይሰሙባት ነው።

ስትወጣ ፊቷ ቀልቶ ነበር። ፎጣውን አስጥታ ምስሩን ጣደች። አባቴ ሲመጣ "ጎማው ውሃ አስገባብህ?" ብላ ካልሲውን ተቀበለችው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንደ ዘበኛ ነው ያሳለፍኳቸው። አባትሽ ምንም አላደረገም ያለችው ፈርታው ነው ብዬ ደመደምኩ። ማታ በሩን ከቆለፉ በኋላ ቁልፉን እየነቀልኩ ትራሴ ሥር አስገባለሁ። ጠዋት ጠዋት ሸሚዞቹን እቆጥራለሁ። አምስት ነበሩ፤ አንዱ ሲታጠብ የተደናገጥኩትን አልረሳም።

አንድ ጠዋት በጨለማ አባቴ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት።

"ቁልፉን ወሰድሽው እንዴ? አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው።"

"ማታ ትመለሳለህ?"

"የት ልሄድ?"

"ሸሚዝ አልያዝክም?"

"ለአትክልቱ ነው ሸሚዝ የምቀይረው?" ብሎ ሳቀ። ቁልፉን ሰጠሁት። ሳቁ ቶሎ ጠፋ፤ ግንባሬን ሳመኝና በጣም ቀስ ብሎ ወጣ።

በየካቲት መግቢያ እናቴ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ኤላድ ተባለ። በደህና ወለደች። ሰው ሁሉ ከልክ በላይ ደስ አለው፤ አባቴ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። በሳምንቱ ደመወዝ ገባ።

እናቴ ፖስታዎቿን ደረደረች። ሕፃኑ በጭኗ ላይ ተኝቷል። አባቴ የሃምሳ ዶላሩን ኖት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አየኋት። አሁን ትናገራለች አልኩ፤ አሁን አልሰጥም ትላለች። እሷ መቀሱን አንስታ ከነጠላዋ ቆረጠች። ኖቱን አጠፈች። ጠቀለለች። ክሩን ስትጠመጥም ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቆየች። በጥርሷ ሳበችና ዘረጋችለት።

"ለእናና ስጥልኝ።"

"ቤሰደር" አለ አባቴ። በዕብራይስጥ እሺ ማለቱ ነው።

"ልጅ መውለዴንም ይንገሯት።"

አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር የእናቴን ጉልበት ነካሁ፤ እጄን ያዘችና ጨመቀችው፤ ዝም በይ ማለቷ ነበር። የጫማው ፖስታ ባዶ ነበር። ክፍሉ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሰሜን ሄደ፤ እኔ ሁለት ቀን ከታናናሾች ክፍል ገብቼ ቀለም ቀባሁ። እናቴን አልተቀየምኳትም አልልም። ያንን ኖት የሚቀበል ሰው አልነበረም፤ ወደ ጫማው ብታሻግረው ግን አባቴ ማወቋን ያውቅ ነበር። እሱ ካወቀ ሽማግሌዎቹ የቆረጡት ሁሉ ይፈርሳል፤ እሱም ሳይዘጋጅ ሊያረዳት ይገደዳል። ስለዚህ እሱን ለመጠበቅ ከፈለችው። በመጋቢትም እንደገና ከፈለች።

ከፋሲካ በፊት፣ ኤላድ አርባ ቀኑን በሞላ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። የሚያንኳኳው እጅ የሚፈራ ይመስል ነበር። ተነስቼ በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ደረጃው ነጭ ለብሰው በቆሙ ሰዎች ሞልቷል፤ እስከ ታች ድረስ። ከፊት አጎቴ መኩሪያ ነው። ማንም አያወራም።

እስክትወልድ፣ ከዚያ አርባዋን እስክትጨርስ። ቀኑ ደረሰ ማለት ነው። አባቴን ሊወስዱት መጡ።

ቁልፉን በሁለት እጄ ይዤ በጀርባዬ በሩን ተደገፍኩ።

"ኢንባር፣ ቁልፉን አምጪ" አለ አባቴ። ልብሱን ለብሶ ነበር፤ ሳይተኛ ያደረ ይመስላል።

"አልሰጥም።"

"ልጄ፣ አሁን አይደለም።"

"አትሄድም።"

"የት ነው የምሄደው? ምን ሆነሻል?"

ከውጭ መኩሪያ "ጋሻው?" አለ። አባቴ እጄን ለመፈልቀቅ ጎንበስ አለ፤ እኔ ነከስኩት። እጁን ያዘና ቆመ፤ አልተቆጣም። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም፤ ዛሬም በሩ ያለ ጊዜው ሲንኳኳ ጀርባዬ ያንን እንጨት ያስታውሳል።

እናቴ ከመኝታ ቤት ወጣች። አሮጌ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። ጉትቻዋ ጆሮዋ ላይ የለም፤ ፍሪጁ ላይ በሰሃን ተቀምጧል። ኤላድ ጠብቶ ተኝቷል። ይህን ሁሉ ከመንኳኳቱ በፊት ነው ያደረገችው፤ አባቴ ግን እኔን እያየ ስለነበር አላስተዋለም።

"ክፈቺላቸው፣ ኢንባርዬ" አለች። "ብርድ ላይ አታቁሚያቸው።"

"ሊወስዱት ነው።"

"ማንንም አይወስዱም። የመጡት ወደ እኔ ነው።"

ከፈትኩ። ገቡ። ሽማግሌዎቹ ከፊቷ ቆሙ፤ ሴቶቹ በግራና በቀኝ ያዟት። መኩሪያ ወደፊት ወጣ። "ማንተገብሽ፣ እህቴ፣ እናታችን..." አለ። ሌላውን መጨረስ አልቻለም።

እናቴ ጮኸች። ያን ጩኸት በውሃ ሥር አልሰማሁትም ነበር። ወለሉ ላይ ወደቀች፤ እንደ አዲስ፣ ከዚያች ደቂቃ በፊት ምንም እንደማያውቅ ሰው። አስመስላ ነበር ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ሐዘን የሚፈቀድበት ቀን ስትጠብቅ ቆይታ ነበር፤ ቀኑ መጣ።

በሩ ሰባት ቀን ሙሉ አልተቆለፈም። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፤ ምግብ የሚያመጣ፣ ወንበር የሚያመጣ፣ ሌሊቱን ሶፋ ላይ የሚያድር። እኔ ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር። እናና መሞቷን አውቄያለሁ። አባቴ እንደማይሄድ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ሰው ሲበዛ መውጣት ይቀላል።

በሰባተኛው ቀን ማታ የመጨረሻው እንግዳ ወጣ። መኩሪያም ወንበሮቹን ደርድሮ፣ እናቴን ስሞ ሄደ። ቤቱ ባዶ ሆነ። እናቴ ኤላድን አቅፋ ኩሽና ተቀመጠች። አባቴ ከቁም ሳጥኑ ላይ ቦቱን አውርዶ መጣና ከፊቷ ቆመ።

"ማንቴ፣ የበደልኩሽ ነገር አለ።"

"አምስት ነው" አለች እናቴ።

ካልሲውን ገና አላወጣውም ነበር። ቆሞ ቀረ። ከዚያ አወጣና አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፤ አምስት ነበሩ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

ወደ እኔ አላየችም። ቁልፉ ደረቴ ላይ ከበደኝ።

"እነዚህን ሁለቱን እያቸው" አለች፤ ከደረደራቸው ውስጥ የመጨረሻዎቹን በጣቷ እየገፋች። "ስንት ጊዜ ነው የጠመጠምኩት?"

አባቴ ወደ መብራቱ አስጠግቶ ቆጠረ። "አራት።"

"የፊተኞቹስ?"

"ሦስት።"

"እኔ ሦስት ነው የማስረው፤ አራት ያደረግኩት ካወቅኩ በኋላ ነው። ይሄን ያህል ዓመት በኪስህ ስትይዘው አላየኸውም። እናቴ ብትሆን ገና ሳትፈታው ታየው ነበር።"

አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እናቴ ነጻ እጇን አንገቱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ አንዱን ቋጠሮ አንስታ ክሩን በጥርሷ ፈታች። ኖቱን ዘረጋችና በጫማው ፖስታ ውስጥ ከተተችው። አራቱን ለተዝካር ወደ ጎን አደረገች። የተፈታውን ጨርቅ አጣጥፋ ክሩን በላዩ ጠመጠመች፤ ሊታጠብ ነው።

"ኢንባር" አለችኝ።

"አቤት።"

"በሩን ቆልፊው። ሁላችንም ቤት ነን።"

አባቴን አየሁት። ጫማውን እያወለቀ ነበር። ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ ሁለት ጊዜ አዞርኩት፤ እጀታውንም ሞከርኩት።